ሣቅ በንጉሡ ሠ

…ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ አዳራሹ ይሥቅ ነበር፤ እኔም ሣቁ እስኪበርድ ከፊት ቆሜ የቀይ እስክሪብቶዬን ክዳን አወልቅ፣ መልሼ እከድን፣ ደግሞ አወልቅ ነበር። በሦስተኛው ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል፣ አንድ ሰው ግን… ከዚያ ወዲያ ያለው አልጻፍ ይለኛል። ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ይቆረጥብኛል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ይህን ማወቅ ነበረብኝ። እንደገና ልጀምር።

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የካርቱን ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የሚሥሉበት እጅዎ እንዳይዝል፣ ወገብዎ እንዳይያዝ፣ በመንገድ ሲያልፉም ከላይ ምንም ነገር እንዳይወድቅብዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የጨመርኩት ከላይ ስለሚወድቅ ነገር ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። እኔና ባለቤቴ ደኅና ነን፤ ይህን ዐረፍተ ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ያለ ምንም እርማት እጽፈው ነበር።

ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ። በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ በእርማት ክፍሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር የነበረው ጠረጴዛ የእኔ ነበር፤ ትይዩው ደግሞ የእርስዎ። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እርስዎ የመጻሕፍቱን ሥዕሎች ይሥሉ ነበር፤ እኔ ከሥዕሎቹ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ አርም ነበር። ያን ጊዜ «አንተ» እንባባል ነበር። ዛሬ ግን እርስዎ በር ላይ ስማቸው የተለጠፈላቸው ሰው ስለሆኑ፣ ይህም ደብዳቤ ለጋዜጣ የአንባቢያን አምድ የሚላክ ስለሆነ፣ «እርስዎ» ብያለሁ። ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ቅር ቢልዎም ተስፋ አደርጋለሁ።

በየእሑዱ ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ስለሚያቀርቡልን «አቶ ይታረም» ስለተሰኘው ካርቱን አመሰግንዎታለሁ። ካርቱኑን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ አቶ ይታረም አንገተ ረጅም፣ ከጆሮው ኋላ ቀይ እስክሪብቶ የሻጠ ሰው ነው። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ ያገኘውን ሁሉ ያርማል። በተለይ ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያይ ፊደሎች፣ ሲቀያየሩ አይወድም። «ይቅርታዎን፣ እሱ እኮ በንጉሡ ሠ ነው!» ይላል ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ። በዚያች ቅጽበት ከሰማይ ቁም ሣጥን ይወርድበታል። ጓ! ከዚያ እንደ ወረቀት ተለጥጦ ከሥሩ ይወጣል፤ መጀመሪያ እስክሪብቶው፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ አንገቱ። አቧራውን አራግፎ ይነሣል። አገር ይሥቃል።

ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ዐሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሁሉም በላይ የሣቅሁት እኔ ነበርኩ። ይህን ያህል ያሣቁኝ ለምንድን ነው? በእኛ ሕንፃ የኮሚቴው ሊቀ መንበር የሚባል ሰው አለ፤ በየደረጃው መታጠፊያ «ባልዲ ማስቀመጥ ፈጽሞ ክልክል ነው» እያለ የሚለጥፍ፣ የለጠፈውንም ማንበብህን ቆሞ የሚጠብቅ። አቶ ይታረም እሱ መሰለኝ። ቁም ሣጥኑ ሲወርድ ከሶፋው ላይ እየተንሸራተትኩ ነበር የምሥቀው። «አየሽው?» እላታለሁ ባለቤቴን። «ቁርጥ እሱን!» እሷም «ቁርጥ እሱን» ትለኛለች፤ ዐይኗ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ አልነበረም። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩትም። አሁን እያንዳንዱን እሑድ መልሼ እያወጣሁ አየዋለሁ፦ ካርቱኑ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመካከል፣ እሷ በዚያ ጫፍ፤ ፊቷም ወደ እኔ።

በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት አቶ ይታረም የአንድ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ ሊያርም ሲል የእስክሪብቶውን ክዳን አወለቀ፣ መልሶ ከደነ፣ ደግሞ አወለቀ። እኔ በዚያች ሰዓት እየሣቅሁ ነበር። እየሣቅሁ ወደ እጄ አየሁ። የእስክሪብቶዬ ክዳን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ነበር። ክቡርነትዎ፣ ለአንድ ሙያዊ ጥያቄ መልስ ቢሰጡኝ እወዳለሁ፦ ሰው ጀምሮት ያልጨረሰውን ሣቅ የት ያስቀምጠዋል? መዋጥ አይቻልም። ሞክሬዋለሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

፪. ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ውስጥ ስም አለኝ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ደርባባ ሴት ናት፣ ድሮ ሰላምታዋ «ደኅና አደሩ ጋሼ» ብቻ ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ጨርቋን ታቅፋ ቆም ትልና ወደ ጣሪያው አንጋጣ «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ይወርድብዎት ይሆን?» ትለኛለች። ክፋት የላትም። እውነቱን ለመናገር ቀልዱም ጥሩ ነው። የሚያሳዝነኝ እኔም አብሬ ማንጋጠጤ ነው።

እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱ እለምናለሁ። ነዝናዛ ሰው በካርቱን ሲቀጠቀጥ አይሣቅ የምል አይደለሁም። በባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ስልኩን ከፍቶ የዘመዶቹን ጉዳይ በሙሉ በሚያሰማኝ ሰው ላይ በሐሳቤ ስንት ጊዜ የውሃ ጋን ጥዬበታለሁ። ከጋኑ ሥር ተለጥጦ ሲወጣ ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። ሰው በሐሳቡ የማይጥለው ነገር የለም፤ ካርቱን ደግሞ ይህንኑ ቀለም ቀብቶ ማሳየት ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ሃያ ሦስቱን ክፍሎች ደግሜ አይቻለሁ፤ አቶ ይታረም በአንዱም አልተሳሳተም። ዳቦ ቤቱም፣ ሐኪሙም፣ ሟቹም ተሳስተዋል፤ እሱ ልክ ነው። ቁም ሣጥኑ የሚወርድበት ልክ ስለሆነ ነው እንጂ ስለተሳሳተ አይደለም። ደግሞም የሚጥለው እጅ አይታይም። ከሰማይ ነው፤ የማንም አይደለም። ሁላችንም ጥለነዋል፣ ማናችንም አልጣልነውም። ይህን ያህል የተጣራ ሥራ አይቼ ስለማላውቅ ሙያዎን አደንቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ያጽናናኝ ነበር። ይነሣል። የምንሥቀው ስለሚነሣ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ባይነሣ ኖሮ አንሥቅም ነበር ብዬ። ይህን ሐሳብ ይያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

፫. ይህኛው ስለ ባለቤቴ ሣቅ ነው።

የባለቤቴ ሣቅ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በአፍንጫዋ የምታወጣው ትንሽ አየር ነው፤ ይህ ለእንግዳና ለእኔ የተመደበ ነው። ሁለተኛው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የምትሥቀው ነው፤ እሱ ለእኅቷ ነው። ሦስተኛው ድምፅ የለውም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ትንፋሿን ስታገኝ «ወይኔ… ሞትኩ» ትላለች። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ይህን ሦስተኛውን በእኔ ምክንያት አይቼው አላውቅም። እርስዎ በየእሑዱ ያገኙታል። ሰው በተቀጠረበት ሰዓት እየመጣ የራሱን ዕቃ እንደሚወስድ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሳሎኔ ይወስዱታል።

ከካርቱኑ በፊትም አንድ ጊዜ ወስደውታል። ትዝ ይልዎታል፤ ቤታችን ለምሳ መጥተው ነበር፤ ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። ሰሐን ሲነሣ እርስዎ ሶፍት ስበው በእስክሪብቶ የእኔን ፊት ሣሉ፤ ጢሜን በነጠላ ሰረዝ ሠርተውት። ከሥሩ «ባልሽ ሲስቅ» ብለው ጻፉ። በእሳቱ ሰ ነበር የጻፉት። እኔ ምን ላድርግ? እስክሪብቶዬን አወጣሁና አረምኩት፦ ሲሥቅ። ክዳኑን ከድኜ ቀና ስል ሁለታችሁ ተያይታችኋል። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የእርስዎም።

ያ ሶፍት ዛሬም አለ። መርፌና ክር በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ በአራት ታጥፎ። በየዓመቱ አንድ ሁለቴ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ አየዋለሁ። መሳል ስለማልችል ፊደል ብቻ ነው የቀረኝ፤ በፊደልም ስፈልግ ያገኘሁት ይህንን ነው፦ ሥዕልና ሣቅ ሁለቱም በንጉሡ ሠ ይጻፋሉ፤ ሚስትና ስሕተት በእሳቱ ሰ። መዝገበ ቃላቱ ሳይቀር ለእርስዎ አድልቷል።

(አሁን መለስ ብዬ ሳነብ ከላይ «መሳል» ብዬ በእሳቱ ሰ ጽፌ አገኘሁት። መሣል ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ዓይነት ነገር ከእጄ አልወጣም። ሳልነካው እተወዋለሁ፤ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለሁ ያሳይልኛል።)

፬. አራተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። የአንገቱን ርዝመት የሚመለከት ነበር።

፭. ያለፈው እሑድ።

ያለፈው እሑድ አቶ ይታረም ከእንቅልፉ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ ብጣሽ ወረቀት አገኘ። የጻፈችው ሴት አትታይም፤ በሩን ስትዘጋ እጇ ብቻ ነው የሚታየው። ወረቀቱ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ቶሎ ና። ስትስቅ ማየት ናፈቀኝ።» አቶ ይታረም ክዳኑን አወለቀ። ሁለተኛዋን ስ በቀይ ከበባት፣ በላይዋ ሥ ጻፈባት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። አልሣቀችም፤ እኔንም አላየችኝም።

ያንን ወረቀት በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው ብዬ አምን ነበር። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈችው እሷ ናት፤ የከበብኩት እኔ ነኝ። ያኔ ስከበው ምን እንደተሰማኝ ብነግርዎ አያምኑኝም፤ ደስታ ነበር። ሌላው ሰው አበባ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። እኔ ክብ አስቀመጥኩላት። አነበብኩሽ፣ እያንዳንዷን ፊደልሽን አየሁ ማለቴ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀት ጽፋልኝ አታውቅም። «ዳቦ የለም» ከወጥ ቤት ጮኻ ትነግረኛለች። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወረቀቱ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሶፍቱ ነው። ነግራዋለች አልኩ። ተገናኝተዋል። የሆነ ቦታ ተቀምጠው፣ ምናልባት ጠረጴዛው የመስኮት ጠረጴዛ ሆኖ፣ በእኔ ነገር ትከሻቸው ተንቀጥቅጧል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በሙሉ እንደገና አረምኩት፤ ገበያ የዘገየችበትን ቀን ሁሉ፣ እኅቷ ጋ ያደረችበትን ሁሉ በቀይ ከበብኩ። ካርቱኑ አላለቀም ነበር። እኔ ግን ወደ እሷ ዞሬ «መቼ ነው ያገኘሽው?» አልኳት።

እሷ ስክሪኑን እያየች ነበር። አቶ ይታረም ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከትቶታል። ደረጃ ወጣ፣ አንድ አዳራሽ ገባ፣ ከፊት ቆመ። ቦርሳውን ከፈተ። አነበበው። አዳራሹ ሣቀ፤ ክብ ክብ ጭንቅላቶች፣ አፋቸው የተከፈተ። አቶ ይታረም ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፦ «እሱ እኮ በንጉሡ ሠ ነው!»

ምንም አልወደቀም።

ጠበቅን። ሕንፃው ሁሉ የጠበቀ ይመስለኛል፤ ከላይ የልብስ ሰፊዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አቶ ይታረም ራሱ አንጋጦ ጠበቀ። ሰማዩ ባዶ ነበር። በዚያው አለቀ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ድምጿ ጨርሶ አልተለወጠም። «ሠላሳ ሰው ፊት አነበብከው?» አለችኝ።

እኔም «አርባ ሁለት» አልኳት።

ክቡርነትዎ፣ ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደ ማንኛውም እርማት ነው፤ ሳላስብ፣ በትሕትና፣ ልክ ሆኖ። «ካርቱን እኮ ነው» ማለት እችል ነበር። እሷ ራሷ ስንት እሑድ «ኧረ ተው፣ ካርቱን እኮ ነው!» ብላኛለች። ይህን ዐረፍተ ነገር ከአፏ ወስጄ ብመልስላት ኖሮ ምናልባት ታምነኝ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቶቹ ሲቆጠሩ ዐሥራ ሁለት መጉደላቸው አላስቻለኝም።

ያን ጊዜ ነው ሦስተኛው ረድፍ የመጣልኝ። በማተሚያ ቤቱ አዳራሽ፣ ስለ ሞክሼ ፊደላት በሰጠሁት ሥልጠና ላይ፣ «አንዲት ሴት ለባሏ የጻፈችው» ብዬ አነበብኩት። ስም አልጠራሁም። ጥሩ ምሳሌ ነበር፣ አጭርና ግልጽ። እንደሚሥቁም ዐውቅ ነበር። እንዲሥቁ ፈልጌም ነበር፤ በሕይወቴ ሰው ያሣቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አርባ አንዱ ሣቁ። በሦስተኛው ረድፍ፣ በግድግዳው በኩል፣ አንድ ሰው አልሣቀም። አንገቱን ደፍቶ ይሥል ነበር። ሶፍቱን ስላረምኩበት ያልከፋው ሰው፣ ሴትዮዋንም ባሏንም ከምሳው ቀን ጀምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መልሶ አንገቱን ደፋ።

ስለዚህ ነግራዎት አልነበረም። አልተገናኛችሁም። የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ይህን ሳውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ደስ ሊለኝ ሞክሬያለሁ። ግን ይኸውና፣ ክቡርነትዎ፣ ከሣቋም ከሶፍቱም በላይ የምቀናብዎ በዚህ ነው። ባለቤቴ በሕዝብ ፊት በተሣቀባት ቀን፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልሣቀው ብቸኛ ሰው እርስዎ ነበሩ። ያ ወንበር የእኔ መሆን ነበረበት።

ከእሑድ ወዲህ በቤታችን ጠብ የለም። «ምሳ ቀርቧል» ትላለች። «መብራት ይጥፋ» ትላለች። ማን ይብላ፣ ማን ያጥፋ፣ አትልም። ባለቤት የሌላቸው ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሰዋስው ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ አይገኝም። ረቡዕ ዕለት ትንሿን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ቀስ ብላ አወረደቻት፣ በማንም ላይ ሳትጥል። እኅቷ ጋ ልትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «እሑድን ልየውና» አለች። ሻንጣዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሙሉ ትሁን ባዶ አላውቅም፤ ማንሣት እፈራለሁ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። ቀደም ሲል ይያዙልኝ ያልኩት ሐሳብ ነበር። የምንሥቀው ስለሚነሣ ነው ብዬ ነበር። አሁን ተቃራኒውን ተረድቻለሁ፦ የሚነሣው ስለምንሥቅ ነው። ቁም ሣጥኑ ያልወደቀበት ሰው የሚነሣበት ቦታ የለውም። ቆሞ ይቀራል፤ ጣቱን ቀስሮ፣ አንጋጦ። ሃያ ሁለት ሳምንት ሲጥሉብኝ የከረሙትን ዕቃ በዚያ በአንዱ ቀን፣ በሚገባኝ ቀን፣ ስለምን ነፈጉኝ? ይህ ከዱላ የባሰ ነው። ነዝናዛን ሰው መቀጥቀጥ ነውር ይሁን አይሁን ሲያከራክረኝ ከርሞ ነበር፤ የሚያስቀይመው ሳይቀጠቀጥ መተው እንደሆነ እርስዎ አስተማሩኝ።

ስለዚህ በዛሬው ክፍል ይጣሉት። ቁም ሣጥን ካለቀብዎ ፒያኖ ይሁን፤ የውሃ ጋን ይሁን፤ ማተሚያ መኪናውን ከነብረቱ ቢጥሉት ፈቃዴ ነው። ከባድ ይሁን ብቻ። ተለጥጬ ልውጣ። ሣቋን እንደገና ይውሰዱት፤ ሦስተኛውን ደረጃ፣ ያለ ድምፁን፣ በሙሉ ለእርስዎ ይሁን፣ አልቀናም። ይህ ውሸት ነው፤ እቀናለሁ። ቢሆንም ይውሰዱት። ሳሎኔ ውስጥ ይሁን እንጂ የማንም ይሁን።

የዛሬው ክፍል ተሥሎ ካለቀ ሳምንታት እንዳለፉት ዐውቃለሁ፤ ከታተመ በኋላ የሚመጣ እርማት ዋጋ እንደሌለውም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጸሐፊዎች እያለቀሱ መጥተውብኝ «ታትሟል» ብዬ መልሻቸዋለሁ። እንዲያው ግን ምናልባት ያኔ፣ አንገትዎን ደፍተው ሲሥሉ፣ ዐስበውልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ስድስት ዓመት ትይዩዎ ተቀምጦ ሥዕልዎን አንድም ቀን ያላረመ፣ ጢሙን በነጠላ ሰረዝ በማየቱ እስከ ዛሬ የሚኮራ፣ በሃያ ሦስት ክፍሎች ውስጥ ሃያ ሁለት ጊዜ የተነሣ፣ ለእርስዎ ያለው አድናቆትና ቅናት በአንድ መስመር የማይገባለት የድሮ ባልንጀራዎ፣

አራሚው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዘጠነኛው ክፍል በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ሥሕተት» ተብሎ ተጽፏል። ስሕተት በእሳቱ ሰ ነው። ሁሉንም ነገር በንጉሡ ሠ መጻፍ ዕውቀት የሚመስላቸው አሉ። ደግሞም እኔ ያንን ወረቀት ለአርባ ሁለት ሰው አነበብኩት፤ እርስዎ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሽገው አቆይተው ለአገር በሙሉ አሳዩት። ያን ቀን ባለመሣቅዎ ከእኔ የተሻሉ ሰው የሆኑ መስሎዎት ከሆነ፣ ይህም ይታረም።

ይህን ስጽፍ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ዜማው ጀመረ። ከላይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከዚህ የሶፋው ጠርዝና የባለቤቴ አንድ ክርን ይታየኛል። «ጀምሯል» አለች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ተነሥቼ ልሂድ ወይስ ይህን መስመር ልጨርስ እያልኩ ነው። የአቶ ይታረም ድምፅ ይሰማል፤ የሚለው ነገር ግን በግድግዳው በኩል አይለይም። አሁን ዝም አለ።

ጓ!

ሕንፃው ሣቀ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግድግዳው ማዶ። ከላይ ያለችው «ወይ ጋሼ!» ስትል ተሰማኝ። ከሳሎናችን ገና ምንም አልሰማሁም፤ ሦስተኛው ደረጃ ድምፅ ስለሌለው እንደሆነ ለማየት ቀና ብዬ ነበር፤ ክርኗ ከሶፋው ላይ የለም። ከሥሩ የሚወጣበትን ጊዜ ዐውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ እስክሪብቶው፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ

በር ተዘጋ።